ግቢያችንን ማን ያድሰው?

(በወጣቶች ውይይት ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። መድረኩ ላይ ሰዓት አልበቃ ብሎኝ የዘለልኩትን እዚህ ጨምሬዋለሁ። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።)



ግቢ ገብቶ የተማረ ሰው ሁሉ ጀሪካን ያውቃል። ፍሬሽማን ሆነን ስንገባ መጀመሪያ የገዛነው ዕቃ ደብተር አልነበረም፤ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ይመጣል፣ የመጣ ለት ደግሞ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት ቧንቧው ሁሉ ያፈሳል። እኔ በተማርኩበት ግቢ (ስሙን አልጠራም፣ ብዙ ግቢ እንደዚያው ነው) አንድ የሽንት ቤት ቧንቧ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይዘጋ ሲፈስ አይቻለሁ። ሦስት ዓመት! በዚያው ግቢ ውስጥ ሃይድሮሊክስ ተምረን ኤ አምጥተናል።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ እድሳት ነው። የዩኒቨርሲቲዎቻችንን ነባር ሕንፃዎች የአረንጓዴ ሕንፃ መስፈርት እንዲያሟሉ አድርጎ ስለ ማደስ። ርዕሱ ደረቅ ይመስላል፣ አውቃለሁ። «ሀገር በዚህ ሁሉ ጭንቅ ላይ ሆና አንተ ስለ አምፖልና ስለ ቧንቧ ታወራለህ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ታገሱኝ። ከ45 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለን ሕዝብ ነን። ያ ሁሉ ግድግዳ፣ ጣሪያና ቧንቧ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ግብር የቆመ ሀብት ነው። ሀብቱ ዓይናችን እያየ ያረጃል። እኛ ደግሞ ሲቪል፣ ኤሌክትሪካል፣ አርክቴክቸር፣ ኮንስትራክሽን ተምረን፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈን፣ ቤት ተቀምጠናል። የሚፈርስ ሕንፃ በአንድ በኩል፣ ሥራ ያጣ ባለሙያ በሌላ በኩል። ሁለቱን የሚያገናኝ ጠፋ። የኔ ጉዳይ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። በር ላይ «ግሪን ካምፓስ» የሚል ሰሌዳ መትከል አረንጓዴ ሕንፃ አያደርግም። ሣር መትከልም ጥሩ ነገር ነው፣ ሕንፃውን ግን አይነካውም። የድሮውን ግድግዳ በአሉሚኒየም ንጣፍና በመስታወት ማልበስማ ጭራሽ ተቃራኒው ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የመስታወት ፊት ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ይገዛለታል፤ ከዚያ ለማቀዝቀዣው ጄኔሬተር ይገዛለታል።

በዓለም ላይ የታወቁት መስፈርቶች ጥቂት ናቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1990 ብሪያም የሚባለውን ጀመሩ። አሜሪካኖች ሊድ የሚባል አላቸው፤ ከ110 ነጥብ 40 ያገኘ ያልፋል፣ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ፕላቲነም ይባላል። ለኛ አቅም የሚቀርበው ግን ኤጅ የሚባለው ነው። የዓለም ባንክ ቤተሰብ የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በማደግ ላይ ላሉ አገሮች ብሎ ያወጣው ነው። ጥያቄው አጭር ነው። ሕንፃህ በአካባቢው ከተለመደው ሕንፃ ጋር ሲወዳደር በኃይል 20 በመቶ፣ በውሃ 20 በመቶ፣ በግንባታ ዕቃው ውስጥ በተቀበረው ካርቦን ደግሞ 20 በመቶ ይቆጥባል ወይ? ሦስቱንም ካሟላ አለፈ። ማስሊያው ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተቀመጠ ነው። የምስክር ወረቀቱ ያስከፍላል፣ ስሌቱ ግን አያስከፍልም። ዳታ ያለው ልጅ ዛሬ ማታ ገብቶ የዶርሙን ስፋት፣ የመስኮቱን መጠን፣ የአምፖሉን ዓይነት እየሞላ ማየት ይችላል። እኔ ሥራ ፈትቼ ቤት በተቀመጥኩባቸው ወራት ያደረግሁት እሱን ነው። ከፌስቡክ ይሻላል።

ሦስተኛዋን ነጥብ ልብ በሏት። «በግንባታ ዕቃው ውስጥ የተቀበረ ካርቦን» ማለት ብሎኬቱን፣ ብረቱን፣ ሲሚንቶውን ለማምረት የተለቀቀው ካርቦን ማለት ነው። የሲሚንቶ ምድጃ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። የኛ ፋብሪካዎች ደግሞ ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ድንጋይ ከሰል ሲያነዱ ኖረዋል። ስለዚህ የቆመ ሕንፃ አፍርሶ በቦታው አዲስ መሥራት ማለት አንዴ የተቃጠለውን ነዳጅ ሁለተኛ ማቃጠል ነው። ነባሩን ግድግዳና ወለል መልሶ የተጠቀመ ግን በስሌቱ ላይ ገና ከመነሻው ተጠቃሚ ነው። እድሳት ከአዲስ ግንባታ የሚበልጥበት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አዲስ ይሠራል? ሪባን የሚቆረጠው ለአዲስ ሕንፃ ስለሆነ ነዋ! ለተጠገነ ቧንቧ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነባር ሕንፃ በክብር ይታደሳል ወይ ለሚል፣ አፍሪካ አዳራሽን ይመልከት። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀ ሕንፃ ነው። ለዓመታት ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንደገና ተከፈተ። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት እዚያው ቦታው ላይ አለ። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናክሯል። «ያማ የተባበሩት መንግሥታት ገንዘብ ነው» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያ ገንዘብ የለንም። ግን ስድሳ ዓመት የሞላው ሕንፃ አርጅቷል ተብሎ አልፈረሰም፤ እኔ ማሳየት የፈለግሁት እሱን ነው።

ስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ የገባ ሰው ገነተ ልዑልን ያውቀዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ቤተ መንግሥት ነው። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለበት። ይሄን የምጠራው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው ቀን ቀዝቀዝ፣ ማታ ሞቅ ይላሉ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ቀን የሚመታውን ሙቀት ቀስ ብሎ ይወስዳል፣ ሌሊት ቀስ ብሎ ይለቃል። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው፣ መስኮቱ በሁለት በኩል ነው፣ አየር ያልፋል። ከኋላ የመጡት ብዙዎቹ ብሎኮች ግን በቀጭን ብሎኬት ላይ ቆርቆሮ የተጣለባቸው ናቸው። ፀሐይ ሲወጣ ይግላሉ፣ ሲገባ ይበርዳሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መምህሩ ንግግሩን አቋርጦ ቆርቆሮው እስኪጨርስ ይጠብቃል። የስንት ሰዓት ትምህርት በቆርቆሮ ጩኸት እንደሄደ የቆጠረ የለም። ከቆርቆሮው ሥር ሙቀትና ድምፅ የሚይዝ ንጣፍ ማስገባት ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ይመታል፤ ለዚህ ደግሞ ሕንፃውን መንካት እንኳ አያስፈልግም፣ ኮርኒሱን ከፍቶ መሙላት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ወደ አየር ጠባዩ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር የ13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ግንባታ ተጀመረ። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ያ ሥራ ባይኖር ኖሮ ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ አንገባም ነበር፣ ይሄን ሳንል ማለፍ ነውር ነው። ግን ፍጥነት ሲያስፈልግ አንድ ዓይነት ፕላን ይበዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። አንዷ ጋ ተማሪ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በሁለት ብርድ ልብስ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላዋ ጋ በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ፍራሹን ውጭ አውጥቶ መተኛት ያምረዋል። ለነዚህ ሁለት ከተሞች አንድ ዓይነት መስኮት፣ አንድ ዓይነት ጣሪያ እንዴት ይሆናል?

እድሳቱ ይሄን ማረም አለበት፣ ዘዴውም ሮኬት ሳይንስ አይደለም። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ መካከል ነን፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ክፉው ፀሐይ የጠዋቱና የማታው ነው፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ ዝቅ ብሎ የሚገባው። ቆላ ላይ ያለ ሕንፃ በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ከውጭ መጋረጃ ያስፈልገዋል፤ ከውስጥ የሚንጠለጠለው ጨርቅ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው የሚያገኘው። ጣሪያው ፀሐይን መልሶ የሚያንፀባርቅ ነጭ የቆርቆሮ ቀለም ይቀባ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ትኩስ አየር መውጫ ይበጅለት። ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣ ካስፈለገ ይገዛ፣ ያኔ ግማሹ ይበቃል። ደጋ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በደቡብ በኩል ያለው መስኮት ቀን ሙቀት ያስገባ፣ ሌሊት በደንብ ይዘጋ። የኛ የብረት መስኮቶች ስንጥቃቸው ጣት ያስገባል፣ መስታወቱ የተሰበረውን ደግሞ በካርቶን እንሸፍነዋለን። ለደብረ ብርሃን ተማሪ አረንጓዴ እድሳት ማለት መጀመሪያ የማያፈስ መስኮት ማለት ነው። በቃ።

መብራትን ቶሎ ልለፈው፣ ቀላል ስለሆነ። የድሮው ረጅም አምፖል 36 ዋት ነው፣ ማስነሻው ጭማሪ ይበላል። በቦታው የሚገባው ኤልኢዲ 18 ዋት ነው። 600 አምፖል ያለው የመማሪያ ብሎክ ቢያንስ ወደ 11 ኪሎዋት ይቀንሳል። የኛ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመነጭ «ካርቦን ይቀንሳል» የሚለው የፈረንጆች ክርክር እኛ ጋ ያን ያህል አይሠራም። የኛ ክርክር ሌላ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይበላል፣ ናፍጣ ደግሞ በዶላር ነው። ያቺ 11 ኪሎዋት በጄኔሬተር ብትመጣ በየሰዓቱ 3 ሊትር ናፍጣ ናት። የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ ኩራታችን ነው፤ ግድቡ ያመነጨውን በአሮጌ አምፖል ማባከን ግን ግድቡን ከሠራው ሕዝብ መስረቅ ነው። ቦንድ የገዛች እናት አለችን።

ውሃው ላይ ግን ቆም ልበል።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ሐይቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ስሙን የተጋራው ከዚሁ ሐይቅ ጋር ነው፤ የሐረር ከተማም ከሱ ትጠጣ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ከብት ዋለበት። ምክንያቱ አንድ አልነበረም፤ የመስኖ ፓምፑ፣ ደለሉ፣ የከተማው ፍጆታ ተደምረው ነው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አስቡት፣ የሀገሪቱ አንጋፋ የግብርና ትምህርት ቤት ደጅ ላይ ሐይቅ ሊደርቅ ይችላል። ዩኒቨርሲቲ የትም ቢሆን የከተማው ትልቅ ውሃ ጠጪ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ቦታ ይተኛል፣ ይታጠባል፣ ይበላል። እኛ ያባከንነው ውሃ ከጎረቤት ቀበሌ እናት እንስራ ላይ ነው የሚቀነሰው።

እስኪ እናስላው። በሰከንድ አንዴ ጠብ የምትል ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ናት፣ ወደ 20 ሊትር። አንድ ጀሪካን! አሁን ዶርማችሁ ውስጥ ስንት ቧንቧ ጠብ እንደሚል ቁጠሩ። ይሄ የጠብታው ነው፤ ተከፍቶ የቀረው የሽንት ቤት ማጠራቀሚያማ በጀሪካን አይቆጠርም። የአሸንዳውን ደግሞ አስሉ። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,100 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 20 በ40 ሜትር የሆነ ዶርም 800 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው፣ በዓመት 880,000 ሊትር ይወርድበታል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 700,000 ሊትር ይቀራል። ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ 70 ጊዜ ይሞላል። ይሄ ሁሉ አሁን የት ይሄዳል? መሠረቱ ሥር እየገባ ሕንፃውን ያሰነጥቀዋል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ሳይነግሯችሁ ሮቶ የሚሸጡላችሁ ይመጣሉ። አብዛኛው ዝናብ በክረምት ይወርዳል፣ በክረምት ደግሞ አብዛኛው ተማሪ ቤቱ ነው። 700,000 ሊትር አጠራቅሞ እስከ ጥር ማቆየት የሚችል ታንከር ቢገነባ ብዙ ወጪ ያስወጣል። ስለዚህ ልኩ ይሄ ነው፦ ለመጸዳጃ ቤትና ለጽዳት የሚሆን መካከለኛ ታንከር ይቀመጥ፣ የተረፈው በጉድጓድ ወደ መሬት ይስረግ፣ የከርሰ ምድሩን ይሙላ። ብዙ ግቢዎች የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠጡት፣ የሰጡትን መልሰው ያገኙታል።

ስለ ካፌውም አንድ ነገር። የብዙ ዩኒቨርሲቲ ማብሰያ ቤት ዛሬም በማገዶ ነው የሚሠራው። በየዓመቱ ችግኝ እንተክላለን፣ በየቀኑ ደግሞ በአይሱዙ የመጣ እንጨት እናነዳለን። ጭሱን የሚውጡት እናቶቻችን ናቸው፤ ወጥ ቤት ገብታችሁ የእንጀራ ጋጋሪዎቹን ዓይን እዩት። የኤጅ ሶፍትዌር ስለነሱ ዓይን ነጥብ አይሰጥም። ለኔ ግን አንድ ግቢ ታድሷል የምለው ጭስ ማውጫው የሚሠራ፣ እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ወጥ ቤቱ ሲገባ ነው። ከካፌው ትርፍራፊና ከሽንት ቤቱ ባዮጋዝ ማምረትም ይቻላል፤ ግን የሚከታተል ሰው ደመወዝ ካልተመደበለት በስተቀር በዓመቱ የሞተ ጉድጓድ ይሆናል።

አሁን ደግሞ «ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ አባቶቻችን ያለ ሊድና ያለ ኤጅ ጎንደርን ሠርተዋል» ለሚል ወንድሜ። ጥሩ ነገር አነሳህ። የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሲጠግነው ሲሚንቶ አስገባበት። ኖራ ይተነፍሳል፣ እርጥበት ያሳልፋል፤ ሲሚንቶ ያፍነዋል፣ ውሃውን ግድግዳው ውስጥ ይዘጋበታል። ከብዙ ዓመት በኋላ ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሱ ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው። ስለዚህ አዎ፣ የኛ ዕውቀት ነበር፣ ያለ ዕውቀት የገባው የውጭ ዕቃ ጎዳው። ግን አባቶቻችን ሁሉን ያውቁ ነበር ብዬ ላሞኛችሁ አልፈልግም። ጎንደር ግንብ ውስጥ አምስት ሺህ ተማሪ ሻወር አልወሰደም። የኛ ሥራ የራስን ዕውቀትና የዛሬውን መለኪያ ማገናኘት ነው። ልደታ በሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ከተጨመቀ ገለባ ሰሌዳ የሙከራ ቤት ተሠርቷል። ገለባ እኮ ነው! የጤፍና የስንዴ አገር ውስጥ። እንዲህ ያለው ነገር ከሙከራ ወጥቶ የዶርም ኮርኒስ ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው? መልሱ ቴክኒክ አይደለም፣ በጀት ነው።

እዚህ ጋ ደረስን። ይሄን የምላችሁ ማንንም ለመስደብ አይደለም፣ አሠራሩን እንድታውቁት ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ያልተጠቀምክበት ብር ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። አሁን አንድ ጎበዝ የጥገና ኃላፊ አስቡ። ቧንቧውን ሁሉ ጠገነ፣ አምፖሉን ቀየረ፣ የውሃና የመብራት ክፍያ በአንድ አራተኛ ቀነሰ። ምን ያገኛል? የተረፈው ብር ይወሰድበታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «አምና በዚህ በቅቷችኋል» ተብሎ በጀቱ ይቆረጥበታል። ጎረቤቱ ያለው ሰነፍ ኃላፊ ግን አባክኖ ጨምሩልኝ ይላል፣ ይጨመርለታል። የሚቆጥብ የሚቀጣበት፣ የሚያባክን የሚሸለምበት አሠራር ውስጥ የትኛው ሕንፃ ይታደሳል? ሰኔ ሲደርስ ደግሞ ያየነው ነው፤ ብሩ ከመመለሱ በፊት ቶሎ የሚገዛ ነገር ይፈለጋል። ወንበር፣ መጋረጃ፣ ቀለም። ዓመት ሙሉ ያለቀሰ ጣሪያ እያለ በሰኔ ሦስት ሳምንት ውስጥ አጥር ይቀባል።

ሌላው ጣጣ ጨረታው ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ሰውየው በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውን አምፖል ያስገባል፣ በዓመቱ ይቃጠላል፣ እንደገና ጨረታ። የአምስት ዓመት ወጪ ተሰልቶ ቢወዳደር ጥሩው ዕቃ ባሸነፈ ነበር።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው ይባላል። ራስ ገዝነት ስለ ክፍያ ብቻ ሲወራ እንሰማለን። እኔ የምፈልገው አንድ አንቀጽ ነው፦ ከኃይልና ከውሃ የተቆጠበ ብር እዚያው ግቢ ለጥገና ይቅር። ከውጭ ዕርዳታም ሳይመጣ፣ ከራሱ የተቆጠበው ብር ቀጣዩን ብሎክ ያድሳል። አንደኛው ዶርም የሁለተኛውን ዶርም መስኮት ይገዛል። የኛ ወጣት ድምፁን ማሰማት ያለበት እዚህ ላይ ነው። «እድሳት ይደረግልን» የሚል ጥያቄ ቃል ተገብቶለት ይረሳል። «የቆጠብነው አይወሰድብን» የሚል ጥያቄ ግን ፊርማ ይፈልጋል።

ስለ ሶላር የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ናይሮቢ ያለው ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ጣሪያው ላይ 600 ኪሎዋት የፀሐይ ኃይል ተከለ። ጎረቤታችን ነው፣ ፀሐዩም የኛው ፀሐይ ነው። ይቻላል ማለት ነው። ግን ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ቀንስ፣ ከዚያ አመንጭ። የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ፓኔል የሚሰቅል ሰው በሁለተኛው ክረምት ፓኔሉን አውርዶ ጣሪያ ይቀይራል፤ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ለሲቪል ልጆች። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ አልጋ ሲወዛወዝ አይተናል። አሮጌ ሕንፃ ላይ ታንከር ከመስቀልና ፓኔል ከመጫን በፊት ዓምዱና ጨረሩ ይፈተሽ። 10,000 ሊትር ውሃ 10 ቶን ነው። የጣሪያ ክዳናቸውና ቧንቧቸው የቆየ ሕንፃዎች ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ሳይመረመር መጋዝ አይግባበት፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የሚገድለው። የቀን ሠራተኛ ወንድማችንን ያለ ጭምብል እዚያ ላይ የሚያወጣ «አረንጓዴ» ፕሮጀክት ቢቀር ይሻላል።

እሺ፣ ማን ይሥራው? እኛ ነና። አንድ ሲቪል፣ አንድ ኤሌክትሪካል፣ አንድ ሃይድሮሊክስ፣ አንድ አርክቴክት፣ አንድ አካውንቲንግ፣ ተማሪውን ሄዶ የሚያናግር አንድ ሶሲዮሎጂ፣ ከቴክኒክና ሙያ የመጡ ሁለት የቧንቧና የመብራት ባለሙያዎች። ስምንት ሰው። አንድ ግቢ ሕንፃ በሕንፃ ዞረው፣ ለክተው፣ ቆጥረው፣ የትኛው መጀመሪያ እንደሚታደስ በዋጋ የተደረደረ ሰነድ ያወጣሉ። ለአንድ ግቢ ስድስት ወር ይበቃል። ከ45 በላይ ግቢ አለ፣ ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ካምፓስ አላቸው። ከሰነዱ በኋላ ደግሞ ሥራው ራሱ አለ፤ ኮርኒስ መሙላት፣ መስኮት ማጥበቅ፣ አሸንዳ መግጠም። ትልቅ ኮንትራክተር የሚንቀው፣ በማኅበር የተደራጀ ወጣት የሚችለው ሥራ ነው። ስድስት ወር ሥራ ፍለጋ በየቢሮው የልምድ ወረቀት አምጣ እየተባልኩ ከምዞር፣ ልምዱን የተማርኩበት ግቢ ውስጥ ባገኘው ምን ነበረበት? የተመራቂ ተማሪዎች ፕሮጀክትም እዚሁ ይዋል። በየዓመቱ ስለ ዱባይ ረጃጅም ፎቆች የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል፤ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ጣሪያው ያፈሳል።

አሁን ግቢ ውስጥ ላላችሁት፣ ከማንም ፈቃድ ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት የምትጀምሩት ነገር አለ። የሕንፃችሁን የውሃ ቆጣሪ ፈልጉ። ብዙ ቦታ ለጠቅላላ ግቢው አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው ያለው፣ የየሕንፃው የለም። ከሌለ ያ ራሱ የመጀመሪያው ግኝት ነው፣ ጻፉት፤ ያልተለካ ነገር አይታደስምና የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ለየብሎኩ ቆጣሪ ይሁን። ካለ ደግሞ ውሃ በመጣ ለት፣ ታንከሩ ሞልቶ ካበቃ በኋላ፣ ሁሉም ሲተኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ቁጥሩን አንብቡ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። 11 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ እንደገና አንብቡ። የተኛ ሰው ውሃ አይቀዳም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በሦስት ሰዓት ውስጥ በስንጥቅ የሄደው ውሃ ነው። በስምንት አባዙት፣ የአንድ ቀን ይሆናል። ወደ ጀሪካን ቀይሩትና ከግቢያችሁ ስም ጋር ላኩልኝ፣ እኔ ሥራ የለኝም፣ ሁሉንም ቁጭ ብዬ እደምረዋለሁ።